ቦሼና የዳና ኤርሳዶ ወረቀት

በሶዶ ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጭስ የማይለየው አንድ ሳር ቤት ነበር። ክረምት ይሁን በጋ፣ በዓል ይሁን የአዘቦት ቀን፣ ከክዳኑ ላይ ጭስ ሲትጎለጎል ይውላል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ መንገደኛ፣ እዚህ ቤት ምን ዓይነት ድግስ ቢኖር ነው እሳቱ የማይጠፋው ብሎ ሲጠይቅ፣ የሰፈሩ ሰው ይስቅና እዚያ ቤት የሚጨሰው ወረቀት ነው ይለዋል። መንገደኛው የተቀለደበት መስሎት ይሄዳል። ቀልድ ግን አልነበረም። የሚጨሰው ወረቀት ነበር፣ የምታጨሰው ቦሼ የምትባል ሴት ነበረች፤ እውነቱ ከተነገረ ደግሞ ከወረቀቱ ይልቅ የጨሰችው እሷ ነበረች።

ቦሼ የሙት ልጅ ናት። ያሳደጓት የእናቷ ወንድም ዳና ኤርሳዶ ነበሩ። ዳና ማለት በወላይታ የአገር ዳኛ ማለት ነው። ኤርሳዶ ማዕረጉን ከአባታቸው ተቀብለው፣ በኋላም በመንግሥት ፍርድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጠብ ሲሰሙ ኖሩ። የሰውን ነገር ቀን ሰምቶ ማታ የሚረሳ ዳኛ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ብዕር ይይዙ ነበር። የማይጽፉት ነገር የለም። ለሹማምንት የላኩትን አቤቱታ ቅጂውን ያስቀራሉ። በወላይትኛ የሚወርደውን የለቅሶ ግጥም በግዕዝ ፊደል ይገለብጣሉ። የየጎሳውን የትውልድ ሐረግ፣ የድንበሩን ጠብ፣ ዝናብ የቀረበትን ዓመት፣ ሁሉን ይጽፋሉ። ለአንድ አገረ ገዥ የደረሱት የውዳሴ ግጥም ነበር፤ ገዥው ሲሻር ስሙን ሰርዘው የተተኪውን ስም አስገቡበት፣ እሱም ሲሻር እንደዚያው አደረጉ፤ የመጨረሻው ገዥ ስሙ ረዝሞ ግጥሙን ስለሰበረባቸው ከስሙ ላይ ቆርጠውለታል። የሕይወቴን ታሪክ እጽፋለሁ ብለውም ሰባት ጊዜ ጀምረዋል። በየጅማሬው የተወለዱበት ዓመት ይለያያል፤ በአንዱም ላይ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ወረቀቱ ያልቃል።

ዓይናቸው ሲደክም የሚያነብላቸውና የሚጽፍላቸው ሰው አስፈለጋቸው። ልጆቻቸው ከበሬ ጅራት በቀር ሌላ መያዝ አይወዱም ነበርና ሥራው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል በቆጠረችው በቦሼ ላይ ወደቀ። እሷም አልጠላችውም። ከሰዓት በኋላ ዳና በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቅቅል የቦዬ ሥራቸውን በዳጣ በርበሬ እያጣቀሱ ይናገራሉ፣ እሷ በፍርድ ቤት መጥሪያ ጀርባ፣ በሲጋራ ካርቶን ላይ፣ በተገኘው ሁሉ ትጽፋለች። አንዳንዴ ይህ ቃል እዚህ ቦታ አያምርም ብላ ስትከራከራቸው ይቆጣሉ፣ ቆይተው ግን ያስሰርዙታል። ቦሼ በሕይወቷ ሰው አድምጦኛል ብላ የምታስበው ያንን ጊዜ ብቻ ነበር፤ ዳናንም ከልቧ ትወዳቸው ነበር።

በ1951 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ ዳና ታመሙ። መሄጃቸው መድረሱን ሲያውቁ ዘመድ በተሰበሰበበት ቦሼን ወደ ትራሳቸው ጠሯት።

«መሬቱን ልጆቼ ያርሱታል፤ ከብቱንም ይነዱታል» አሏት። «ወረቀቴን ግን አንቺ ያዢልኝ። የሚያነብ ሰው መጥቶ እስኪረከብሽ ከእጅሽ እንዳይወጣ። አፈር ስሆን፣ አደራ።»

እሺ አለች። ለሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል። ዕድሜዋ ገና ሃያ ሦስት ነበር፤ በዚያ ዕድሜ እሺ ማለት ቀላል ነው። የሰሙት ሽማግሎች ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱም አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብሎ ተረተ። ዳና በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ሐዘኑ እንደ ወጣ ልጆቹ ርስቱን ተካፈሉ። ታላቁ ገብረአማኑኤል የቆርቆሮውን ቤት ወሰደ፤ ወሰደና ጥግ የተቆለለውን ወረቀት አይቶ ተበሳጨ። መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ወረቀት ለእሱ የስኳር መጠቅለያ ነው። እንዲያውም ከአንድ ባለሱቅ ጋር ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ቦሼ በሩ ላይ ቆማ እኔን ሳትረግጡ አይወጣም አለች። ነገሩ ከሽማግሌ ደረሰ። ሽማግሎቹ የሟችን ቃል የሰሙ ናቸውና ወረቀቱ ለቦሼ ይሁን፣ ማስቀመጫ እንዳታጣም ከቆርቆሮው ቤት ጓሮ ያለችውን ሳር ቤት ትያዝ፣ ወረቀቱ በቤቱ እስካለ ድረስ ማንም አያስወጣት ብለው ፈረዱ። ቦሼ እጅ ነስታ አመሰገነች። ፍርዱ ለእሷ የተፈረደ መስሏት ነበር፤ በእሷ ላይ የተፈረደ መሆኑ የገባት ዘግይቶ ነው።

በዚያ ጊዜ በከተማው ትምህርት ቤት ወልደመስቀል የሚባል መምህር ነበር። ዳናን ያከብራቸው ስለነበር ቦሼን መጥቶ መከራት። አዲስ አበባ ውስጥ የደራሲዎችንና የታላላቅ ሰዎችን ወረቀት እየሰበሰበ የሚያኖር መሥሪያ ቤት አለ፤ ጻፊላቸው፣ መጥተው ይወስዱልሻል አላት። ጻፈች። ወራት ቆይቶ መልስ መጣ። ደብዳቤው በታይፕ የተመታ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ አክብሮት የሞላበት ነበር። የዳና ኤርሳዶ ሰነዶች ለአገር የሚጠቅሙ መሆናቸውን ገልጦ፣ ባለሙያ መጥቶ እስኪረከብ ድረስ «ካሉበት ሳይንቀሳቀሱና ሳይነጣጠሉ በጥንቃቄ እንዲጠበቁ» ያሳስባል። ቦሼ ደስታዋን አልቻለችውም። ለጎረቤቷ ለአባይነሽ ደግማ ደጋግማ አነበበችላት። አባይነሽ ጥጥ ፈትላ የምትኖር፣ ምላሷ ስለታም፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነ ባልቴት ናት። መንግሥት ስምሽን ጠርቶ ጻፈልሽ ብላ እልል አለችላት።

የወላይታን ሳር ቤት የሚያውቅ ምስጡንም ያውቃል። ክረምቱ ሳይጋመስ ቦሼ ወረቀቱን ያኖረችበትን ሣጥን ብትከፍት ምስጥ ከሥር ገብቶ ከሰባቱ የሕይወት ታሪኮች አንዱን እስከ ጥምቀታቸው ድረስ በልቶታል። አለቀሰች። ከዚያ አገሩ የሚያደርገውን አደረገች። በዚያ አገር ለዘር የተቀመጠ በቆሎ ከምድጃ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ እያገኘው ነቀዝም ምስጥም አይደፍረውም። ዘርን ያቆየ ጭስ ወረቀትን ያቆያል ብላ፣ ወረቀቱን ሁሉ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ቆጡ ላይ ደረደረችው። ምክሩን የሰጣት የለም፣ ያልመከራትም የለም፤ ማንም የሶዶ ሰው ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ምስጡም እውነትም ሁለተኛ አልመጣም።

ታዲያ የዘር በቆሎ ለጥቂት ወር ነው፤ ዝናብ ሲጥል ወርዶ ይዘራል። ወረቀት ግን አይዘራ። እሳቱ በየቀኑ እየታፈነ መጨስ አለበት። ከጠፋ ምስጥና ሻጋታ ይገባል፤ ከነደደ ደግሞ ከላይ ያለው ወረቀት ከነቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ እሳቱን ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ አጥፍቶ መሄድም አይቻልም። ውኃ ለመቅዳት ስትወርድ አባይነሽ እንዝርቷን ይዛ መጥታ ትቀመጥላታለች። ጸሎት ቤት ስትሄድ መዝሙሩ ሳያልቅ ትወጣለች። ዘመድ ሞቶ አረካ ከተማ ለቅሶ ብትጠራ ሳትቀመጥ በዚያው ቀን ስለተመለሰች ወገኖቿ ተቀየሟት። መተዳደሪያዋ ለሰው አቤቱታና ማመልከቻ መጻፍ ነበርና ያንንም እምድጃው አጠገብ ሆና ትጽፋለች። የጻፈችው ሁሉ ጭስ ጭስ ይሸታል፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊዎች ገና ሳያነቡት ከቦሼ ቤት የመጣ ነው ይሉ ነበር።

ኤርካሎ የሚባለው ጥጥ ነጋዴም የመጣው ማመልከቻ ሊያጽፍ ነው። የቤሌ ሰው ነው፤ ከቆላ ጥጥ እየጫነ ወደ ሶዶ ያወጣል። በአንዲት በቅሎ ሰበብ ይሟገት ነበርና ስለ በቅሎዋ ማመልከቻ አጻፈ። በሚቀጥለው ገበያ ስለዚያችው በቅሎ ሌላ ማመልከቻ አጻፈ። በሦስተኛው ሲመጣ ሙግቱ በዕርቅ እንዳለቀ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ስለነበር አባይነሽ እንዝርቷን ሰብስባ፣ እኔ እንኳን የበቅሎ ነገር አላውቅም ብላ ወጣችላቸው። ኤርካሎ ረጋ ያለ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ቀልድ የሚገባው ሰው ነበር። ከደጅ ሆኖ በወላይትኛ «ሳሮ?» ብሎ ሰላም ሲላት ቦሼ ልቧ ይመታል። ወደደችው፤ መውደዷንም ከራሷ አልደበቀችም።

በ1953 ዓ.ም. ሽማግሌ ላከ። ሽማግሎቹ ቆርቆሮው ቤት ተቀምጠው ነገራቸውን አቀረቡ። ገብረአማኑኤል ጓሮው ሊለቀቅለት ነውና ፊቱ በራ። ቦሼ ተጠርታ ስትጠየቅ፣ ሰውየውን እወደዋለሁ፣ ግን የመንግሥት ሰው መጥቶ እስኪረከበኝ ይታገሠኝ አለች። ምን ያህል ቢሏት ደብዳቤው ከመጣ ቆየ፣ እንግዲህ ቢበዛ እስከ መኸር ነው አለች። ኤርካሎ ደስ ብሎት ተስማማ። መኸር ገባ፤ የመጣ ሰው ግን የለም። ሁለተኛው መኸርም ገባ።

ኤርካሎ ሞኝ አልነበረምና መላ ፈለገ። ወረቀቱን በሁለት በቅሎ ጭኜ ቤሌ ልውሰደው፣ ቤቴ ሰፊ ነው፣ እሳቱንም እናቴ ትጠብቀዋለች አላት። ቦሼ ደብዳቤውን አውጥታ አነበበችለት። ካሉበት ሳይንቀሳቀሱ ይላል። ኤርካሎ ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ማንበብ ባይችልም ማኅተሙን አየው።

«ይህች ደብዳቤ ቤሌን ታውቃለች?» አላት።

«አታውቅም።»

«እኔን ታውቃለች?»

ቦሼ ደብዳቤውን ከእጁ ተቀብላ አጠፈችው። ብታንቀሳቅሰውና በማግስቱ ሰውየው ቢመጣስ? አደራ በላች ቢባልስ? የዳና ስም በእሷ ጥፋት ከአገር መዝገብ ቢቀርስ? እነዚህ ጥያቄዎች በቀን በቀን ይመላለሱባት ነበር። ይህን ሁሉ አስረዳችው። እሱም አዳምጦ እንግዲያው እኔ መጥቼ እዚህ እኖራለሁ አለ። ወንድነቱ አይካድም፤ ሞከረው። አንድ ቀን ሙሉ አብሯት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ሳል አላስወራ ብሎት ደጅ ወጣ። ቦሼ የለመደችው ጭስ ለእሱ በርበሬ ሆነበት።

«ቦሼ፣ እኔ የማገባው አንቺን ነው ወይስ ሟቹን ሰውዬ ነው?» አላት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ። ሲናገር ይስቅ ነበር፤ ዓይኑ ግን ከጭሱም ሌላ ነገር ነበረበት።

ከዚያም በኋላ ጠበቀ። ላም አለኝ በሰማይ እያሉ ወዳጆቹ ሲያሾፉበትም ጠበቀ። ቦሼ በየዓመቱ ለመሥሪያ ቤቱ ትጽፋለች፤ በየዓመቱ ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው የሚል መልስ ይመጣል። መምህር ወልደመስቀል ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ስለተዛወረ የምታማክረው እንኳ አልነበራትም። በ1956 ዓ.ም. የኤርካሎ እናት ታመሙና ልጅህን ሳላይ አልሙት ብለው ለመኑት። ፈጠነች የምትባል የቤሌ ልጅ አገባ። ለቦሼ የነገሯት ቅቤ ይዘው ወደ ገበያ የሚወጡ ሴቶች ናቸው፤ ክፉ ዜና መሆኑን ሳያውቁ ስለ ሠርጉ ድግስ አወሩላት። እሷም ስንት ሰንጋ እንደ ታረደ ጠይቃ ሸኘቻቸው። ከሄዱ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። አባይነሽ ስትገባ በጭስ ነው አለቻት። አባይነሽ፣ እኔም እኮ ዓይን አለኝ፣ ይህ የጭስ እንባ አይደለም አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦሼ ከዳና ጋር ተጣላች። ቀና ብላ ቆጡን እያየች ትናገራቸዋለች። መሬቱን ለልጆችዎ፣ ሬሳዎን ለኔ ነው የሰጡኝ ትላለች። ሰባት ጊዜ ተወልደው አንድ ጊዜ እንኳ በወጉ ማደግ ያቃትዎ ሰው እኔን በአንዲት ዕድሜዬ አስቀሩኝ ትላለች። ከዕለታት አንድ ቀን ንዴቷ ሞልቶ አንድ ጥቅል አወረደችና ኮባውን ፈትታ ወደ ፍሙ አስጠጋችው። ስትጥለው ግን ዓይኗ አረፈበት። ስለ ገዥው የተጻፈው ግጥም ነበር፤ በራሷ የልጅነት እጅ፣ ስም ተሰርዞ ስም የተጨመረበት። ዳና ስም ሲያሳጥሩ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው የሳቁበት ከሰዓት በኋላ ትዝ አላት። ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችው። ያን ጊዜ ከእሳቱ ይልቅ ራሷን ፈራች፤ ከዚህ ቤት የሚያወጣኝ የለም ብላ አሰበች፣ ማሰቧም ልክ ነበር።

አባይነሽ ግን ዝም አትልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ በአንቺ ቤት ሁለቱም ተገናኝተዋል ትላታለች። አረካ ልጆች የሚያስተምር ሰው ተፈልጓል ሲባል ሰምታ ሂጂ እንጂ፣ እሳቱን እኔ ልጠብቀው፣ እኔ ልሙት አለቻት። ቦሼ አመስግና እንቢ አለች። አደራው የተሰጠው ለእኔ እንጂ ለአንቺ አይደለም አለች። ሰፈሩም ቀስ በቀስ ለመዳት። ሕፃናት የጭስ እመቤት ብለው ስም አወጡላት፤ እሷም ሰምታ አልተቆጣችም።

በ1960 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ላንድሮቨር ሽቅብ መጥቶ ከቆርቆሮው ቤት ደጅ ቆመ። ከውስጡ መነጽር ያደረገ፣ ኮቱ አቧራ የለበሰ ሰው ወረደና ወይዘሮ ቦሼን ጠየቀ። ስሙ አቶ ገብረሥላሴ ነው፤ የመጣው ከዚያ መሥሪያ ቤት ነው። ገብረአማኑኤል መኪና ባየ ጊዜ ጋቢውን አስተካክሎ ሮጠ፤ አባቴ እኮ ታላቅ ደራሲ ነበሩ እያለ እንግዳውን በክንዱ ይዞ ሊያስገባ ታገለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እንግዳው ግን የምፈልገው ደብዳቤ የጻፉልንን ሴት ነው አለ። ቦሼ አመድ በነካ እጇ ወጣች። ስትጠብቀው የኖረችው ሰው ትልቅ፣ ግርማ ያለው ይመስላት ነበር፤ ይኸኛው ቀጭን፣ መንገድ ያደከመው፣ እንደሷው ሠላሳን ያለፈ ሰው ሆነባት።

አቶ ገብረሥላሴ ገና ከመግባቱ ሳል ያዘው። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አውርደው ደጅ ሰሌን ላይ ዘረጉለት። ወረቀቱ የትምባሆ ቅጠል መስሏል። አንዱን ቀስ ብሎ ቢያጥፈው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። ሰውየው ጨዋ ነውና አልተቆጣም። ምስጥ አለመንካቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ቀለሙም አብዛኛው ይነበባል፣ ጭሱ ግን ወረቀቱን አድርቆታል ብሎ ነገራት። የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ደረቅ ቦታ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃ እንደነበረም ጨመረ። ቀጥሎ ነገሩን አቅልሎ የጠየቃት ጥያቄ መጣ። ይህን ያህል ከተቸገሩ ለምን ወደ እኛ አልላኩትም አላት።

ቦሼ ወደ ቤት ገብታ ደብዳቤውን አምጥታ ሰጠችው። አነበበውና ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ እኮ ለሁሉም የምንልከው ደብዳቤ ነው» አለ። «ሰዎች ለነጋዴ እየቆራረጡ እንዳይሸጡብን ብለን ነው የምንጽፈው።»

«ማንቀሳቀስ ይቻል ነበር ማለት ነው?»

«ይቻል ነበር። በአውቶቡስ ቢልኩልንም እንቀበል ነበር።»

«ወደ ቤሌስ? ቤሌ ቢወሰድስ?»

አቶ ገብረሥላሴ ቤሌ ለእሷ ምን እንደሆነ አያውቅም። «ቤሌም ቢሆን፣ የትም ቢሆን» አለ። «ዋናው እንዳይጠፋ ነው።»

ቦሼ ተነሥታ ወደ እንሰቱ ጓሮ ሄደች። አባይነሽ ተከትላት ብትሄድ የእንሰት ግንድ አቅፋ ቆማ አገኘቻት። እንደዚያ ሰዓት ዳናን ጠልታቸው አታውቅም፤ ደብዳቤውን የመታችውን ታይፒስት ጠላች፣ ማኅተሙን ጠላች፣ ከሁሉ ይበልጥ ግን ያን ደብዳቤ አምና የኖረችውን ራሷን ጠላች። ኤርካሎ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። በሁለት በቅሎ የሚያልቅ ነገር ነበር። ይህን ለአባይነሽ ነገረቻት፤ አባይነሽ ጀርባዋን ትደባብሳት ጀመር።

ሰውየው ጉዳዩን ሁሉ ባያውቅም አንድ በደል እንደተፈጸመ ሳይገባው አልቀረም። ስትመለስ ጠብቆ አነጋገራት። ከወረቀቱ ግማሹ በወላይትኛ ነው፣ በመሥሪያ ቤታችን ወላይትኛ የሚያነብ የለም፣ እርስዎ ደግሞ ጽሑፉንም ጸሐፊውንም ያውቃሉ፤ አብረውኝ ይምጡና ለጥቂት ወራት እያነበቡ ያስረዱን፣ ማረፊያም አበልም እናዘጋጃለን አላት። መኪናው ቦታ አለው። ዛሬውኑ ከምሳ በኋላ እንነሣለን። ቦሼ ዓይኗን አነሣችና መኪናውን አየችው። እሺ አለች። ፊቷ እንደ ልጃገረድ ፊት ሲበራ ያየው ሰፈርተኛ በኋላ ለብዙ ጊዜ አውርቶታል።

አባይነሽ ሮጣ ሁለት ቀሚስና አንድ ነጠላ በጨርቅ ቋጠረችላት። ለመንገድ ቆሎ ጨመረችበት። ጥቅሎቹ በሸራ ተሸፍነው ከኋላ ተጫኑ። ገብረአማኑኤል ጓሮው በመጨረሻ ሊለቀቅለት መሆኑን አይቶ እህቴ፣ እህቴ እያለ አቀፋት። አቶ ገብረሥላሴ የመኪናውን በር ከፍቶ ያዘላት። ቦሼ አንድ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች።

እዚያው ቆመች። ቆይታ እግሯን አወረደች።

በሚቀጥለው ሳምንት በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ የምሰናበተው ሰው አለኝ፣ ቤቱንም ላስተካክል አለች። ሰውየው ሊያግባባት ሞከረ፤ አንገቷን ደፍታ እመጣለሁ፣ እመጣለሁ እያለች ብቻ መለሰችለት። አድራሻውን ጽፎ ሰጣት። መኪናው ቁልቁል ወርዶ ከገበያው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ ቋጠሮዋን ይዛ መንገዱ ላይ ቆማ አየችው።

ሳምንቱ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ በየማለዳው ጥሩምባውን እየነፋ ይሄዳል፤ ቦሼ ትሰማዋለች። ገብረአማኑኤል የሽማግሎቹን ፍርድ ጠቅሶ ወረቀቱ ስለሄደ ቤቱን ልቀቂ ማለት ጀምሯል። አባይነሽ ትዕግሥቷ አልቆ አንድ ቀን ጠዋት መጣች። ቦሼ በራፏ ላይ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ቋጠሮው እንደተቋጠረ አጠገቧ ነው።

«አሁን ምን ቀረሽ?» አለቻት አባይነሽ። «አደራሽን አስረክበሻል፤ ወስደውልሻል። ምንድን ነው የምትጠብቂው?»

ቦሼ መልስ ለመስጠት ቸኮለች፤ ነገሩን አስባ የጨረሰችው ይመስል ነበር።

«እትዬ አባይነሽ፣ ሰው ቢመጣስ? የዳናን ወረቀት ፈልጎ ሰው ቢመጣ፣ የት እንደ ሄደ የሚነግረው ማነው?»

አባይነሽ ልትሰድባት አፏን ከፍታ ነበር። ስድቡ አልወጣላት ሲል አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅስ ጀመር። ቦሼም እሷን ማባበል ያዘች።